የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሥራችንን እናስረዳ

ይህ እትም የንግድ ሐሳብን አሳማኝ አድርጎ ስለማቅረብ ነው። በመርሳ ከተማና አካባቢዋ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት አበዳሪ ፊት ሲቆም፣ ከተደራጀበት ማኅበር አመሠራረት ይጀምርና ገንዘቡ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። የልፋቱ ፍሬ እንዲህ መና ሲቀር ያንገበግባል።

የሀብሩ ወረዳን የመስኖ ሽንኩርት ለምሳሌ እንውሰድ። ችግኙ መደብ ላይ 6 ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ ለመድረስ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። ሐሳቡን የሚያቀርበው ሰው ይህን የጊዜ ሰሌዳ ገና ከጅምሩ ከተናገረ፣ ብድሩ መመለስ የሚጀምርበትን ጊዜ አብሮ አስረዳ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚፈልገውን ብር፣ የአንድ ኩንታል ወጪውንና ዋጋ ቢወድቅ የሚወስደውን እርምጃ ይናገር። መብራት ከጠፋ ፕሮጀክተሩም ይጠፋልና ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች በቃሉ ይያዝ፤ በአንድ ገጽ አትሞም ያድል።

በውስጥ ገጾች የገለጻ አዘገጃጀትን፣ የጥያቄ አመላለስንና የሰዓት አጠቃቀምን ታገኛላችሁ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችም ሆናችሁ የመርሳ ነጋዴዎች፣ አንብባችሁ ብቻ አትለፉት፤ ሥራችሁን በማያውቅ ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት።

አዘጋጁ
ወልድያ