«የፈረንጅ በሽታ» የምትሉ ስሙኝ

«ጥቁር ቆዳን ካንሰር ምን ያደርገዋል? እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው።» ይህን ያለኝ የቡና ነጋዴ ቢሆን እተወው ነበር። ያለኝ ጂማ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው!

ጥቁረታችን ከፀሐይ ይጋርደናል፤ እውነት ነው። እኛን የሚይዘው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊትን ትቶ ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ይወጣል። ፀሐይ አታመጣውም፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምም አይመልሰውም። ቦብ ማርሌይን የገደለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የእግር ጣቱ ላይ ሲታይ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱን ስናከብር ከጨፈርነው ስንቶቻችን ያቺን ጣት እናውቃለን?

አጋሮና ሊሙ ገነት በቡና ለቀማ ወቅት ሂዱ። ሴቶቹ ማድረቂያ አልጋው ላይ አጎንብሰው የተበላሸችውን ፍሬ አንድ በአንድ ያወጣሉ። ለአንዲት ፍሬ እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት፣ ተረከዟ ላይ ሽምብራ የሚያህል ጥቁር ነገር ይዛ «እሾህ ወግቶኝ ነው» እያለች ዓመት ታሳልፋለች። ሲደማ በፈረስ ጭራ ያስሩላታል። እኔ ያየሁት ተረከዝ ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ግማሹ ቡናማ ግማሹ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነበር። ጤና ጣቢያ ደጋግማ ሄዳ ቅባት ይዛ ተመልሳለች፤ ጎንበስ ብሎ በደንብ ያየላት የለም።

አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ቅርጹና ቀለሙ የሚለዋወጥ ነጥብ፣ በልጅነት ምድጃ ያቃጠለው ጠባሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ቆስሎ አልድን ሲል፤ ናሙና ተወስዶ ይመርመር። ይህ ብርቅ ማሽን ይጠይቃል እንዴ?

ፀሐይ የምትጎዳቸው ደግሞ አሉ፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆቻችን። ጂማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ ይበረታል። ለእነሱ የፀሐይ መከላከያው ክሬም (ሰንስክሪን) መድኃኒት ነው፤ እኛ ግን ከሊፕስቲክ ጎን ደርድረን በመዋቢያ ዋጋ እንሸጥላቸዋለን። ታንዛኒያ፣ ሞሺ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ልጆች ክሬሙን ራሱ ያመርታል። በቡና ዶላር የምንኩራራው እኛስ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ሸሚዝ አቃተን?

እናንት ቡና ላኪዎች፣ እናንት የወረዳ ጤና ኃላፊዎች፤ በመጪው ጥቅምት ለቃሚ ስትመዘግቡ ከመዝገቡ ጎን ሳፋና ውኃ አቅርቡ። የሠራተኛው እግር ታጥቦ፣ ጣት ተፈልቅቆ ይታይ። ወጪው የሳሙና ነው።