የጤና አዳሙ ጣጣ

እናንተዬ፣ ሰው በጤና አዳም የተነሳ ከተከራየበት ቤት ሊባረር ይችላል ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር፡፡ አሁን አልስቅም፡፡

የምኖረው አሮጌ ቪላ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው፡፡ ወለሉ የባሕር ዛፍ ፓርኬ ነው፡፡ አከራዬ እትዬ በዚህ ፓርኬ አይደራደሩም፤ ሟች ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው የገጣጠሙት ነዋ! በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰም ይቀባል፤ ከዚያ የብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ ቆመን፣ ትዊስት እንደሚደንስ ሰው ወገባችንን እየነቀነቅን እናሸዋለን፡፡ ለፋሲካ ሐዋሳ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የተከሉትን ጤና አዳም እኔ መስኮት ሥር አስቀመጡና «አደራ ልጄ፣ ውሃ እንዳትነፍግብኝ» አሉኝ፡፡

አልነፈግሁም፡፡ ጧት ማታ አጠጣሁት፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ጣሳውን ባነሳው፣ የታችኛው ቆርቆሮ ዝጎ፣ ወለሉ ላይ እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ ክብ ቁጭ ብሏል! እትዬ ሊመጡ የቀራቸው አሥር ቀን ነው፡፡

መጀመሪያ በሳሙና ፈተግሁት፤ ወይ ፍንክች፡፡ ቀጥዬ በድስት ማጠቢያ ሽቦና በውሃ ፈተግሁት፡፡ በማግስቱ በክቡ ዙሪያ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተጨመሩልኝ፡፡ ከዚያ በረኪና አፈሰስሁ፡፡ ዳርዳሩ ገረጣ፣ ክቡ ግን እንዳለ ነው፡፡ ይኼኔ አንድ ጓደኛዬ «አቼቶ ጨምርበት፣ ጉልበት ይሰጠዋል» አለኝ፡፡ ምክሩን የሰጠኝ በስልክ ነው፤ አጠገቤ ሆኖ ቢሆን ኖሮ አብሮኝ ባሳለ!

በረኪናው ላይ አቼቶውን ባፈስሰው ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፡፡ ከእኔ የባሰው ግን ሌላ ነው፡፡ እትዬን ቤት ውስጥ የምታግዛቸው ልጅ አስም አለባት፡፡ ምን ሸተተ ብላ ብቅ ስትል ትንፋሿ እጥር እጥር አለ፡፡ በረንዳ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኋት፣ የምትነፋውን መድኃኒቷን ሮጬ አመጣሁላት፣ በርና መስኮት በረገድሁ፡፡ ከንፈሯ እስኪመለስ ድረስ ፓርኬም ኪራይም ትዝ አላለኝም፡፡ ባይሻላት ኖሮ ጊዜ ሳልሰጥ ወደ ሐኪም መብረር ነበረብኝ፡፡ በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር ላይ ለጦርነት የለቀቁት እሱኑ ነው፡፡ እኔ ደግሞ መኝታ ቤቴ ውስጥ ለቀቅሁት፡፡ ሕፃን የሸናበትም ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ ከሽንት ጋርም ጎጂ ጋዝ ያወጣል፡፡

በመጨረሻ ፓርኬ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አናጢ ለምኜ አመጣሁ፡፡ ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼ እኮ እድፍ አይደለም ልጄ፣ ቀለም ነው» አሉኝ፡፡ አልገባኝም፡፡ «በል ሻይ አፍላ» አሉኝ፡፡ እንግድነት መስሎኝ አፈላሁ፡፡ እሳቸው ግን አንዱ ብርጭቆ ውስጥ የዛገ ሚስማር ጨምረው አስቀመጡት፡፡ ቆይቼ ባየው ሻዩ ጠቁሯል፡፡ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሻይ ላይ ምላስ የሚያኮማትረው ታኒን የሚባለው ነገር ባሕር ዛፍም ውስጥ አለ፡፡ እርጥብ ብረት ሲያገኘው ይጠቁራል፡፡ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለም ከዚሁ ከብረትና ከታኒን የሚሠራ ነበር፡፡ የእኔ ጣሳ ወለሉ ላይ ሲጽፍ ነው የከረመው ማለት ነው፡፡ የድስት ማጠቢያው ሽቦም ብናኙን ትቶ ስለሄደ የበኩሉን ጻፈበት፡፡ በረኪና ይህን ቀለም አይነካውም፡፡

የሚነካው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ነጭ ዱቄት ሆኖ ይገኛል፡፡ መርዝ ነውና ጓንት፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የተከፈተ መስኮት ያስፈልጋል፤ ልጅ አይጠጋም፡፡ አስቀድመን በረኪናና አቼቶ የነካውን በውሃ ደጋግመን ጠርገን አደረቅነው፡፡ ከዚያ ሰሙን በአኳራጅ ባረሰ ጨርቅ አስለቀቅን (እሳት አጠገቡ እንዳይኖር!)፣ እንጨቱ እስኪገለጥ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፡፡ ለአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ዱቄት በፕላስቲክ ዕቃ በጠበጥን፤ ብረት አይሆንም፡፡ ክቡን ብቻ ሳይሆን ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ቀባነው፤ አለበለዚያ በጥቁር ክብ ፋንታ ነጭ ክብ ይቀራል፡፡ ሲቀባ ዓይኔ እያየ ገረጣ፡፡ በማግስቱ ደገምነው፡፡ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን ጠረግን፡፡ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ክልክል ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፡፡ ሁለት ቀን ደረቀ፣ ሰም ተቀባ፣ ትዊስቱ ተደነሰ፡፡

የትኩስ ብርጭቆ ነጭ ክብ ከሆነ ያለባችሁ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰሙ ወይም ቫርኒሹ ላይ ነው የሚቀረው፡፡ የቆየ ሽንት ግን በኦክሳሊክ የማይለቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሊያገረጣው ይችላል፡፡ ከቡና ምድጃ የወደቀ ፍም የበላውንማ ምንም ኬሚካል አይመልሰውም፤ ወይ መላግ ወይ ጣውላውን መቀየር ነው፡፡

እትዬ ቅዳሜ ገቡ፡፡ ጫማቸውን አውልቀው ክፍሌ ዘለቁ፡፡ ወለሉን በባዶ እግራቸው ረገጡት፣ መስኮቱ ሥር ቆሙ፡፡ ልቤ ቆመች፡፡

«ጤና አዳሜስ?» አሉኝ፡፡

በረንዳ ላይ ነበር፡፡ አሥር ቀን ሙሉ ውሃ ያጠጣው ሰው የለም፡፡