ደለልና ማንግሮቭ፦ የጠረፍ ደን ዕጣ የሚወሰነው በተራራው ላይ ነው

የባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕር ዳርቻዎቻቸውን በማንግሮቭ ዛፍ ለማልበስ ሰፊ ዘመቻ ይዘዋል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን የማንግሮቭ ችግኝ ለመትከል ዕቅድ አውጥታለች። ሳዑዲ ዐረቢያም በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ጠረፎቿ ተመሳሳይ ሥራ ታከናውናለች። በዐረብኛ «ቁርም» የሚባለው ይህ ዛፍ በጨው ውኃ ውስጥ ይበቅላል፤ ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ይሆናል፤ የማዕበልን ኃይል ይሰብራል፤ ካርቦንንም በጭቃው ውስጥ አምቆ ያቆያል። ይሁን እንጂ የሌሎች አገሮች ተሞክሮ እንደሚያስረዳው፥ የደኑን ዕጣ የሚወስነው የችግኝ ብዛት ብቻ አይደለም። ወንዝና ጎርፍ ተሸክመውት የሚመጡት ደለልም ወሳኝ ነው።

ማንግሮቭ ያለ ደለል አይኖርም። ሥሮቹ የውኃውን ፍጥነት ገትተው ጭቃውን ያስቀራሉ፤ ጭቃው ደግሞ ለዛፉ ምግብ ከመሆኑም በላይ መሬቱን ቀስ በቀስ ከፍ ያደርገዋል። የባሕር ወለል ከፍታ በሚጨምርበት በዚህ ዘመን ደኑ እንዳይሰጥም የሚያደርገው ይኸው ክምችት ነው። በአንጻሩ ጭቃው አየር ስለሌለው፥ በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው የሚበዛው የማንግሮቭ ዝርያ እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው ከመሬት በሚወጡ ቀጫጭን ሥሮች ይተነፍሳል። ደለል በድንገት ተከምሮ እነዚህን ሥሮች ሲሸፍናቸው ዛፉ ታፍኖ ይሞታል። ለዚህም አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክምር ሊበቃ እንደሚችል በጥናት ታይቷል።

የደለል መብዛት ምን እንደሚያስከትል በኢንዶኔዥያ፥ በጃቫ ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ የሚገኘው ሴጋራ አናካን ይመሰክራል። ይህ የባሕር ሐይቅ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከ6,000 ሄክታር በላይ ስፋት ነበረው። በላይኛው ተፋሰስ ደን ተመንጥሮ ተዳፋቱ ሲታረስ፥ በ1982 ደግሞ የጋሉንጉንግ እሳተ ገሞራ አመድ ሲጨመርበት፥ የቺታንዱይ ወንዝ ሐይቁን በደለል ሞላው። ከመቶ ዓመት በኋላ የውኃው ስፋት ከ1,000 ሄክታር በታች ወረደ። በአዲሱ መሬት ላይ መጀመሪያ ማንግሮቭ ቢበቅልም፥ መሬቱ ከፍ እያለ የባሕሩ ውኃ ሲርቀው ብዙ ቦታ ለቁጥቋጦና ለሐረግ ተለቀቀ። ከአባቶቻቸው ዓሣ ማስገርን የወረሱ ነዋሪዎችም ጀልባቸውን ትተው ወደ ሩዝ እርሻ ለመዞር ተገደዱ።

የደለል ማነስም የራሱን ጥፋት ያስከትላል። በፓኪስታን የኢንደስ ወንዝ በአንድ ወቅት በየዓመቱ ከ200 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ዐረቢያ ባሕር ያፈስስ ነበር። ከመስኖ ቦዮቹ መስፋፋት፥ በ1955 ከተጠናቀቀው የኮትሪ ግድብና በ1976 ከተጠናቀቀው የታርቤላ ግድብ በኋላ ግን ዴልታው የሚደርሰው ከቀድሞው እጅግ ጥቂቱ ነው። ባሕሩ ወደ የብስ ገባ፤ የእርሻ መሬት በጨው ተበላ፤ ብዙ ቤተሰቦች ቀዬአቸውን ለቀቁ። የሲንድ ግዛት የደን መሥሪያ ቤት ባካሄደው ተከታታይ ተከላ ደኑ በሰፊው ማገገሙ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ከቀድሞዎቹ ስምንት ዝርያዎች የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አብዛኛውን ቦታ የሸፈነው ጨውን የሚቋቋመው ያው የባሕረ ሰላጤው ዝርያ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በሌለው የቀይ ባሕር ጠረፍም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። እዚህ የወንዙን ቦታ የሚይዘው ከተራሮች በየወቅቱ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ነው። በኤርትራ፥ በምጽዋ አቅራቢያ ባለችው ሕርጊጎ የሠሩት ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ፥ ማንግሮቭ በተፈጥሮ የሚበቅለው ጎርፍ ከየብስ ንጥረ ነገር በሚያመጣበት ስፍራ መሆኑን አስተዋሉ። በሌሎች ቦታዎች የጎደለውን ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና ብረት በመጨመር የመንደሩ ነዋሪዎች ዛፉን በባዶው ጠረፍ አበቀሉት፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለግመል መኖ ሆነ።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በሸለቆዎች ላይ ግድብ ሲሠራ ለጠረፉ የሚደርሰው ውኃና ደለል አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ወደብ ሲጠረግ የሚወጣው ጭቃ በመተንፈሻ ሥሮች ላይ መደፋት የለበትም። የተራቆተው ተዳፋት በእርከንና በዛፍ ካልተጠበቀ ደግሞ አፈሩ ገበሬውን ከጎዳ በኋላ ዓሣ አስጋሪውንም ይጎዳል። የዘመቻዎች ስኬትም በተተከለው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ጸድቆ በተገኘው ዛፍ መለካት አለበት።

እስልምና ምድርን በሚዛን የቆመች አደራ አድርጎ ያያታል። የማንግሮቭ ደን የዚህ ሚዛን ጉልህ ማሳያ ነው፦ ደለል ሲበዛ ይታፈናል፥ ሲያንስ ይሸረሸራል። አደራውን መወጣት የሚጀምረውም ባሕሩ ዳር ብቻ ሳይሆን ጎርፉ በሚነሣበት ተራራ ላይ ነው።