የባዕድ ጆሮ

በጎልማሳነቱ ፒያኖ መማር የጀመረን ሰው እንደ ወዳጆቹ የሚጎዳው የለም። ጣቶቹ ዘግይተዋል፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ከሥራ መልስ የሚተርፈው ሰዓት የድካም ሰዓት ነው፤ ወገቡም እንደ ጥንቱ አይታዘዝለትም። እነዚህ ሁሉ ግን በግልጽ የሚታዩ ባላንጣዎች ናቸውና መላ አይታጣላቸውም። መላ የሚታጣለት የወዳጅ ጭብጨባ ነው። ሳሎን ውስጥ ሁለት ገጽ ሾፓን ተጫውቶ ሲያበቃ ቤተሰቡ "ግሩም ነው!" ይለዋል፤ እንግዶቹም "በዚህ ዕድሜህ!" እያሉ ይደነቃሉ። ይህቺ "በዚህ ዕድሜህ" የምትባል ቃል፣ ሙዚቃውን ሳይሰሙ ዓመቱን ብቻ የቆጠሩ ሰዎች ቃል ናት። ግራ እጁ ቀኙን ውጦ ማስቀረቱን፣ ፔዳሉ ዜማውን ማጨቅየቱን፣ ከባዱ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ፍጥነቱን መቀነሱን የሚነግረው የለም። ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል፤ ስሕተቱም አብሮት ያረጃል።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ "ስምንተኛ ደረጃ ልፈተን ነው"፣ ወይም "ለዲፕሎማ እየተዘጋጀሁ ነው" ሲል የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው። "ለምንህ?" ይባላል። "ወረቀቱ ምን ሊሠራልህ? ቀጣሪ አትፈልግ፤ ደመወዝ አይጨመርልህ። ሙዚቃ ለነፍስ ነው፤ ለራስህ ብቻ ተጫወት።" ነገሩ ሲሰሙት ያምራል፤ የነጻነት መዓዛም አለው። እኔ ግን ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ለጎልማሳ ተማሪ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ እንደዚህ በደግነት ተጠቅልሎ እንደዚህ የሚያኮስስ የለም ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን ፈተናው ምን እንደ ሆነ እንይ። በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የብሪታንያ ንጉሣዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ጥምር ቦርድ፣ በአጭሩ ኤቢአርኤስኤም የሚባለው ነው። ሁለት የለንደን ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ እና ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ተስማምተው መሠረቱት። ደረጃዎቹ ከአንድ እስከ ስምንት ይዘልቃሉ። ከስድስተኛ ጀምሮ ላሉት ለመቀመጥ የአምስተኛ ደረጃን የንድፈ ሐሳብ ፈተና ወይም አቻውን ማለፍ ግድ ነው። ከስምንተኛው በላይ ዲፕሎማዎቹ ይመጣሉ፤ ኤአርኤስኤም የሚባለው 30 ደቂቃ የሚፈጅ ሙሉ የሙዚቃ ዝግጅት ይጠይቃል። ትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደንም በበኩሉ የራሱ ዲፕሎማዎች አሉት።

በአካል ቀርበው የሚፈተኑት የኤቢአርኤስኤም ደረጃ ከ150 ይታረማል። ሦስት የሙዚቃ ሥራዎች እያንዳንዳቸው 30 ይይዛሉ፤ ስኬልና አርፔጂዮ 21፣ ከዚያ በፊት ያላዩትን ኖታ አንብቦ መጫወት 21፣ የጆሮ ፈተና ደግሞ 18። ለማለፍ 100 ያስፈልጋል፤ 120 የመልካም፣ 130 የላቀ ውጤት መነሻ ነው። ወደ እነዚህ ቁጥሮች እመለስባቸዋለሁና አንባቢ ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። አንድ ፒያኖ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የማያውቁት ሰው። ያ ሰው ተፈታኙ በ45 ዓመቱ መጀመሩን አያውቅም። ትናንት ማታ ቤቱ ውስጥ አንድም ቦታ ሳይሳሳት መጫወቱንም አልሰማም። በመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይሁን ምንዝር ግድ አይሰጠውም። የቀኝ እግር ፔዳሉ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ ይቀዘቅዛል። የባኽ ፉግ ከተጀመረ በኋላ ከድምፆቹ አንዱ ቢጠፋ ተመልሶ ፍለጋ የለም። ሰውየው ያዳምጣል፤ ይጽፋል። ከሳምንታት በኋላ የሚደርሰው ወረቀት ላይ የሰፈረው፣ በዚያች ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ በእርግጥ የተሰማውና ያልተሰማው ነው። ብዙ ጎልማሶች በሕይወታቸው ለዓመታት እንዲህ ተደምጠው አያውቁም። ልጅ በየቀኑ ይታረማል፤ ከአርባ በላይ የሆነን ሰው ግን ማን ደፍሮ ያርመዋል? የበታቹ ይፈራዋል፤ እኩያው ያፍረዋል፤ ቤተሰቡ ይሳሳለታል። ከፍሎ የሚያስተምረው መምህር እንኳ ደንበኛውን እንዳያጣ ቃሉን ያለዝባል።

"ፈተና ፍቅርን ይገድላል" የሚሉ አሉ። የትኛውን ፍቅር? የቤትሆቨንን ሶናታ የሚወድ ሰው፣ ሶናታው በእጁ ላይ በደኅና መውጣቱን ወይም አለመውጣቱን ማወቅ ይሻል። ይህን ማወቅ የማይሻ ሰው የሚወደው ሶናታውን ሳይሆን በፒያኖው ፊት የተቀመጠውን ራሱን ነው። "ለራስህ ብቻ ተጫወት" የሚለው ምክር ይህን ሁለተኛውን ፍቅር ይመግባል፤ የመጀመሪያውን ያስርባል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ትምህርት አንድ ሰው ከየኔታው እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ድጓውን ቢዘልቅ እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ስንቁን ቋጥሮ ወደ ምስክር ቤት ይጓዛል። ለድጓው ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ይወርዳል። እዚያ የተማረውን እንደገና በሌላ ሊቅ ጆሮ ፊት ያቀርባል። ቃሉ ራሱ ምን ያህል እንደሚናገር አስተውሉ፤ "አስመሰከረ" ይባላል። የገዛ መምህሩ ምስክርነት አልበቃም፤ የሌላው ጆሮ ተፈለገ ማለት ነው። ይህን መንገድ የሚሄዱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጢማቸው የበቀለ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። ዜማቸው ከማንኛውም ሙዚቃ ይልቅ ለነፍስ የተባለ ሆኖ ሳለ፣ "ለነፍስህ ከሆነ ምስክር ምን ያደርግልሃል?" ብሎ ከመንገድ የሚመልሳቸው አልነበረም።

በዚህ ክርክር መካከል ደጋግሞ የሚጠራ ስም አለ፤ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ። "የትኛው ፈታኝ ነው የእሳቸውን ጣቶች የመዘነው?" ይባላል። እማሆይ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) የማንም ደረጃ ሠንጠረዥ የማይለካቸው መሆናቸውን ማን ይክዳል? ነገር ግን ስማቸውን ለስንፍና መከላከያ የሚያደርጉ ሰዎች ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው አያነቡም። በካይሮ ከቫዮሊን መምህራቸው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረዋል፤ በዚያን ጊዜ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ እንደ ነበር ይነገራል። ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘላቸው ዕድል በተከለከለ ጊዜ ሐዘናቸው እህል እስከ ማስተው ደርሷል፤ ከዚያም በኋላ ነው ወደ ግሸን ማርያም ያቀኑት። ይህን ያህል ያዘኑት ሌሎች ሊማሩበትና ሊታረሙበት የሚችሉትን በር ስለ ተዘጋባቸው ነው። እንግዲህ እሳቸውን ጠርቶ "መታረም አያስፈልግም" ማለት የእሳቸውን ዕንባ መካድ ነው።

"ዘግይቷል" ለሚሉትም መልስ አለ። የብሪታንያው ጋዜጣ የጋርዲያን ዋና አዘጋጅ የነበረው አለን ረስብሪጀር ሃምሳዎቹ ውስጥ ሳለ የሾፓንን የመጀመሪያ ባላድ ለመጫወት ራሱ ላይ ቀን ቆረጠ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1836 የታተመ፣ መጨረሻው ላይ የሠለጠነ ፒያኒስትን እንኳ የሚያስጨንቅ ነው። ያኔ ጋዜጣው በዊኪሊክስ ሰነዶችና በስልክ ጠለፋው ቅሌት ተወጥሮ ነበር፤ እርሱ ግን ከየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል እየሰረቀ ገፋ። በመጨረሻም ሥራውን በአድማጭ ፊት ተጫወተው፤ ጉዞውንም በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ተረከው። እርሱ ፈተና አልተቀመጠም፤ ያደረገው ግን የፈተናን ሁለት ፍሬ ነገሮች ለራሱ መፍጠር ነበር። ቀኑ የማይታጠፍ፣ አድማጩም እውነተኛ እንዲሆን አደረገ። ዕድሜው ያላገደው ስለዚህ ነው።

እስካሁን የተሟገትሁት ፈተናን ከሚንቁት ጋር ነው። አሁን ፊቴን ወደ ተፈታኞቹ አዞራለሁ፤ ከእነርሱም ጋር ጠብ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020፣ በወረርሽኙ ዓመት፣ ኤቢአርኤስኤም ሌላ መንገድ ከፈተ። ተፈታኙ አራት ሥራዎችን በቪዲዮ ቀርጾ ይልካል፤ እያንዳንዱ 30፣ አጠቃላይ አቀራረቡ ደግሞ 30 ይያዝለታል። ስኬሉ የለም፤ ያልታየ ኖታ ማንበቡ የለም፤ የጆሮ ፈተናው የለም። ቅድም ይያዝልኝ ያልኋቸው ቁጥሮች እዚህ ይመጣሉ፤ 21፣ 21 እና 18 ሲደመሩ 60 ናቸው። ከ150ው ውስጥ እነዚህ 60ው ለጎልማሳ ተፈታኝ እጅግ የሚከብዱት ናቸው። በስምንተኛ ደረጃ የጆሮ ፈተና በሦስት ድምፅ የተጫወተውን ሐረግ ሰምቶ የታችኛውን ድምፅ ነጥሎ መዝፈን ወይም መጫወት ይጠየቃል። በአርባና በሃምሳ ዓመት ብቻን ቆሞ መዝፈን ምን ያህል እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ይህን ሊሸሽ የሚሻን ሰው አልፈርድበትም። ነገር ግን ሽሽቱን "የሙዚቃ ነጻነት" ብሎ ሲሰይመው አልስማማም። ጆሮውና ዓይኑ ያልተፈተኑበት ሰው ያወቀው አራት ሥራዎችን ነው። አምስተኛውን ሲያነሣ እንደገና ከፊደል ይጀምራል።

ከዚህ የከፋው ግን ካሜራው ራሱ ነው። ደንቡ ቀረጻው ያለማቋረጥ በአንድ ጊዜ እንዲሆን ያዛል፤ ስንት ጊዜ ሞክሮ የትኛውን እንደሚልክ ግን ለተፈታኙ የተተወ ነው። ስለዚህ ሰውየው ቅዳሜ ስድስት ጊዜ፣ እሑድ ዘጠኝ ጊዜ ይቀርጻል። ከአሥራ አምስቱ መርጦ ይልካል። ምርጫውን የሚያደርገው ጆሮ የማን ነው? የዚያው የራሱ፣ ፈተና ያስፈለገው ያልታመነው ጆሮ። የማይመለሰው ቅጽበት፣ ያ እግርን የሚያንቀጠቅጠው፣ ሳይቀመስ ቀረ።

በሌላ ወገን ደግሞ ከስሙ ኋላ የሚያስከትላቸውን ፊደላት የሚቆጥር አለ። በሦስት ዓመት ሦስት ደረጃ ይዘላል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያነበበው ሙዚቃ ግን ለፈተና የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ከፈተናው ማግስት "አንድ ነገር ተጫወትልን" ቢባል የሚጫወተው የለውም፤ የቀድሞዎቹን ረስቷቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውንም አበው የተናገሩት ዲፕሎማ ሳይኖር ነው።

ፍርዴ እንዳይጠነክር አንድ ነገር ልጨምር። የፈተና ማዕከል ከማይደረስበት ቦታ የሚኖር፣ የታመመ፣ ሕፃን ጥሎ መውጣት የማይችል ሰው አለ፤ ለእርሱ ቪዲዮው በረከት ነው። በዲፕሎማዎቹም በኩል የቪዲዮው መንገድ ተዘርግቷል። በዚህ መንገድ ለሚሄድ የምለው ይህን ነው። ቀኑን ከወር በፊት ቁረጥ። ከወዳጆችህ ውጭ የሆነ፣ ሙዚቃ የሚያውቅ፣ ሊያስደስትህ ግዴታ የሌለበት አንድ ሰው ጥራ። በፊቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቅረጽ። የወጣልህን ላክ። ስኬሉን፣ ንባቡንና ጆሮውን ማንም ባይጠይቅህም ተማራቸው። ውጤቱ 104 ቢሆን 104ቱ ያንተ ነው፤ ከአሥራ አምስት ቀረጻ የተለቀመው 131 ግን የካሜራህ ድርሻ አለበት።

ይህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሩቅ ወሬ መስሎ እንዳይታይ እሰጋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ግጥም እየጻፈ ለሦስት ጓደኞቹ ብቻ የሚያነብ ሰው በመካከላችን የለም? ጓደኞቹ "ወይ ግሩም!" ይሉታል፤ እርሱም ያምናቸዋል። አርታዒ ሲነካበት ይቆጣል፤ ነቃፊ ሲያገኝ "ምቀኛ" ይላል። የቅኔ ቤቱ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ በማግስቱ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ያቃናለታል ወይም ይጥልበታል፤ ተማሪውም ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። ይህን ወግ ከአባቶቻችን የወረስን ሰዎች፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት በማያውቀው ፈታኝ ፊት እጁ እየቀዘቀዘ ፒያኖ የሚነካን ሰው ልናፌዝበት አይገባንም። ይልቁንስ ከጎረቤታችን አንዱ ለእንዲህ ያለው ፈተና የሚዘጋጅ ቢሆን፣ "ለምንህ?" ከማለት ይልቅ ቀኑን እንጠይቀው፤ ከፈተናው በፊትም አንድ ምሽት ተቀምጠን እንስማው፤ ሲጨርስም የትኛው ቦታ ላይ እንደ ጎደለ እንንገረው።