ከተፈወሰ በኋላ ወዴት ይመለስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው ታሪክ ታውቃላችሁ። ጌታችን ከፈወሰው በኋላ ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶለት ታየ፤ ወደ ቤቱና ወደ ቤተ ሰዎቹ እንዲሄድም ታዘዘ። እናስተውል፤ የሚመለስበት ቤት ነበረው።

ከሳሪስ እስከ ጀሞ በየመንገዱ የምናያቸው ሕሙማን ግን ይህ የላቸውም። በአማኑኤል ሆስፒታል ታክሞ፣ በጸበልም ተጠምቆ የተሻለው ወንድማችን ማደሪያ ካጣ፣ መድኃኒቱንም የሚያስታውሰው ከሌለ፣ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። በደጀ ሰላም የምንመጸውተው ሳንቲም የዕለት ራቡን ያስታግሣል፤ ቤት ግን አይሆነውም።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሳርያ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ማደሪያ ሠርቶ ሐኪሞችንም መድቦ ነበር። በከተማችንም መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ወገኖቻችንን ከጎዳና አንሥቶ ያኖራል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። መንግሥት በእርግጥ ድርሻ አለበት፤ የእርሱ ድርሻ ግን የእኛን አያስቀርም። ሕንፃ በአንድ ሰሞን ልግስና ሊቆም ይችላል፤ ምግቡ፣ መድኃኒቱና የአስታማሚው ደመወዝ ግን በየወሩ ይፈለጋል። በበዓል ቀን ብቻ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ጥቂት ሳያቋርጡ መስጠት የሚበልጠው ስለዚህ ነው። የጽዋ ማኅበሮቻችን በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ከድግሱ ቀንሰን ለእነዚህ ወገኖች ማደሪያ ቋሚ መዋጮ እንመድብ። በፍርድ ቀን የምንጠየቀው እንግዳውን ስለ መቀበላችን ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።