የአረፋው ዱለት ይብሰል



የኡዱሒያው በግ እንደታረደ በኮልፌ ብዙ ቤቶች ቀድሞ የሚቀርበው ዱለት ነው። ጨጓራው፣ ጉበቱና ቀይ ሥጋው ደቅቆ ይከተፋል፤ ቅቤና ሚጥሚጣ ይገባበትና ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ተደርጎ ይበላል። በማግስቱ እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት የተቅማጥና የቁርጠት መድኃኒት ፈላጊ ይበዛል።

ጨጓራ የፈርስ ማደሪያ ነው፤ በውሃ መታጠቡ ብቻ ከተህዋስያን አያጠራውም። ሚጥሚጣና ሎሚም አይበቁም፤ የሚበቃው እሳት ነው። ስኮትላንዶች ሃጊስ የሚሉት ምግብ አላቸው። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር ከትፈው በጨጓራው ይሞሉትና ሦስት ሰዓት ያህል ይቀቅሉታል። እኛ ለዱለታችን ግማሹን ጊዜ እንኳ እንነፍገዋለን?

እህቶቼ! ጨጓራውን በፈላ ውሃ ፍቀን እናጽዳ፤ ለብቻው ቀቅለን ሲለሰልስ ጉበቱንና ሥጋውን ጨምረን ቅላቱ እስኪጠፋ እናብስል። ነፍሰ ጡሮች ጥሬውን ፈጽሞ አይቅመሱ፤ በጥሬ ሥጋ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ፅንስን ይጎዳል። ውሃ የቋጠረ ጉበት ካገኘን ለውሻ አንጣል፤ ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል። በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

«ጥሬ ካልሆነ ምኑን ዱለት ሆነ?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። እንግዳን ከበሽታ መጠበቅም መስተንግዶ ነው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን!