ለእኔ ዛፍ ማኅተም፣ ለእነሱ ዶዘር!

ለመሆኑ በገዛ ግቢዬ የበቀለው ዛፍ የማን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም፣ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 በጉልበቴ ወይም በገንዘቤ ላፈራሁት ቋሚ ንብረትና ማሻሻያ ሙሉ መብት ሰጥቶኛል። ዛፉን ደግሞ ውሃ አጠጥቶ ያሳደገው አባቴ ነው እንጂ ወረዳው አይደለም።

ወደ ጣሪያዬ ያዘነበለ አንድ ጥድ ለመቁረጥ ማመልከቻ ይዤ ሄድኩ። “ባለሙያ አይቶ ይወስናል፤ ከተፈቀደም ምትክ ትተክላለህ” ተባልኩ። እሺ! ደንቡን አልጠላሁትም። ሰው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ቢነሳ አዲስ አበባ ምን ይቀራታል? ግን ደንቡ የሚያስረው እኔን ብቻ ነው እንዴ?

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ ቤት ከነግቢው፣ ግቢ ከነዛፉ በዶዘር ተጠርጓል። የዚያ ማመልከቻ የት ገባ? ማንስ ፈረመበት?

“ችግኝ እየተከልን ነው” ይሉናል። አዎን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ታውጇል። ጎበዝ፣ ተተከለ ማለት እኮ ጸደቀ ማለት አይደለም! ደግሞስ መንገድ ዳር የተሰካች የዘንባባ ችግኝ የዝግባን ጥላ ትተካለች? ዝግባ እንደዚያ ለመንሰራፋት የሰው ዕድሜ ይፈጃል።

ስለዚህ አስተዳደሩ እንደ እኔ ይሰለፍ። የቆረጠውን ዛፍ ዓይነቱንና ቦታውን ጽፎ በየወረዳው ሰሌዳ ይለጥፍ። ከተካው ውስጥም ስንቱ እንደጸደቀ ከሦስት ክረምት በኋላ በሕዝብ ፊት ቆጥሮ ያሳየን።